የደበዘዘ ዳራ፣ ያልተሰበሰበ መረጃ፦ የሌንስ አዳፕተሮች ታሪክ ለምርምር ፊልም የሚያስተምረው

መነሻ

የመመረቂያ ፊልሞች በሚገመገሙበት ጊዜ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ የምስጋና ቃል አለ፤ «ምስሉ ሲኒማ ሲኒማ ይላል» የሚል። ተናጋሪው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ የባለታሪኩ ፊት ጥርት ብሎ ሲታይ ከኋላው ያለው ግድግዳ፣ ሰውና መንገድ ሁሉ ቀልጦ ለስላሳ ቀለም መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው መመዘኛው ስሕተት መሆኑን ነው። ከኦፕቲክስ ሕግ አንጻር ብዥታ የመሣሪያ መጠን ውጤት እንጂ የጥበብ ደረጃ መለኪያ አይደለም። ከታሪክ አንጻር ሲታይም ዛሬ «የሲኒማ መልክ» የምንለው፣ ከሲኒማ ይልቅ ለአጭር ጊዜ ከኖረ አንድ ተቀጥላ ዕቃ የወረስነው ልማድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ፊልምን የምርምር ማስረጃ አድርጎ ለሚያቀርብ ተማሪ የደበዘዘ ዳራ ያልተሰበሰበ መረጃ ነው።

ጉዳዩ ለእኔ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሽሮ ሜዳ ውስጥ ስለሚኖር አንድ የሸማኔ ቤተሰብ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርተን ነበር። የጥናታችን ጥያቄ በቤት ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ማን ይፈትላል፣ ማን ያጠነጥናል፣ ማን ይሸምናል፣ ማን ገበያ ይወስዳል የሚል። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ የአባወራውን ፊትና እጅ እየተከተልን ሦስት ቀን ቀረጽን። ምስሉ በጣም አማረን። የተጠናቀቀውን ፊልም ለቤተሰቡ ስናሳይ ግን አባወራው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ «ልጆቼ፣ ባለቤቴስ የት አለች? ከኋላዬ ተቀምጣ ማጉን ስታጠነጥን አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። ነበረች። በሁሉም ምስል ውስጥ ነበረች፤ ነገር ግን የምትታየው እንደ ነጭ ጥላ ብቻ ነው። ስለ ሥራ ክፍፍል ለመጻፍ የወጣን ተመራማሪዎች ግማሹን ሥራ ራሳችን ደምስሰነው ተመለስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይህ ጣዕም ከየት መጣብን?» የሚለው ጥያቄ አልተወኝም።

ብዥታው ከየት ይመጣል?

አንድ ሌንስ በትክክል ሊያጠራ የሚችለው በአንድ ርቀት ላይ ያለን ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያለ ነጥብ ሁሉ በምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። ክቡ በጣም ትንሽ እስከ ሆነ ድረስ ዓይናችን እንደ ነጥብ ይቀበለዋል፤ ሲሰፋ ብዥታ ይለዋል። ጥርት ብሎ የሚታየው የቅርቡና የሩቁ ወሰን መካከል ያለው ርቀት የትኩረት ጥልቀት ይባላል። ይህ ጥልቀት የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው፤ በሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ በብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ስፋት፣ በተቀራጩ ርቀትና በምስሉ ማረፊያ መጠን ልክ በምንታገሠው የብዥታ ክብ።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያለው ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተገጥሞለት፣ ቀዳዳው ኤፍ 2 ላይ ሆኖ፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ይቀርጻል እንበል። የብዥታውን ክብ ወሰን በተለመደው 0.03 ሚሊ ሜትር ብንይዝ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከ1.91 እስከ 2.10 ሜትር ያለው፣ ማለትም 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ሰው፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው የምስል ስፋት፣ ባለ ሲሶ ኢንች ሴንሰር በሆነ የቪዲዮ ካሜራ እንቅረጸው። የዚህ ሴንሰር ስፋት 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰያፍ ሲለካ ከመጀመሪያው ከሰባት እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ የእይታ ስፋት ለማግኘት 7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሌንስ ይበቃዋል። ቀዳዳው በኤፍ 2 እንዳለ ሆኖ፣ አሁን ጥርት ብሎ የሚታየው ከ1.49 እስከ 3.06 ሜትር ነው፤ 1 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር።

ልዩነቱን ቀዳዳውን በማስፋት ማካካስ አይቻልም። ትንሹ ሴንሰር የትልቁን ብዥታ እንዲያገኝ ኤፍ 0.28 የሆነ ሌንስ ያስፈልገው ነበር፤ ጉድለቱ ተስተካክሎ በአየር ውስጥ የሚሠራ ሌንስ ደግሞ ከኤፍ 0.5 በታች ሊወርድ እንደማይችል የኦፕቲክስ ሕግ ይደነግጋል። ባለ ትንሽ ሴንሰር ካሜራ ላይ ብዥታን የሚሻ ሰው የነበረው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ ምስሉን መጀመሪያ በትልቅ ገጽ ላይ ማሳረፍ።

የተሞረደው መስታወት ዘመን

አዳፕተሩ የተወለደው ከዚህ አጣብቂኝ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጀርመኑ ፒ ፕላስ ኤስ ቴክኒክ ሚኒ 35 የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ከፊት የተገጠመው የሲኒማ ወይም የፎቶግራፍ ሌንስ ምስሉን ገጹ በተሞረደ መስታወት ላይ ያሳርፋል፤ የቪዲዮ ካሜራው ደግሞ በራሱ ሌንስና በመካከል በተጨመረ አቅራቢ መስታወት አማካይነት ያንን ገጽ ከኋላ ሆኖ ይቀርጸዋል። ብዥታው የሚፈጠረው በመጀመሪያው ደረጃ፣ በትልቁ ገጽ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ እንደ ሥዕል ቅጂ ነው። የመስታወቱ ቅንጣቶች በምስሉ ላይ እንዳይታዩ መስታወቱ እንዲሽከረከር ወይም እንዲንቀጠቀጥ ይደረጋል።

ብዙም ሳይቆይ እንደ ሌተስ 35 እና ሬድሮክ ኤም 2 ያሉ ርካሽ መሣሪያዎች ተከተሉ። ከሲዲና ከትንሽ ሞተር በቤታቸው የሚገጣጥሙም አልጠፉም። በ2002 የወጣውና በሰከንድ 24 ፍሬም የሚቀርጸው የፓናሶኒክ ዲቪኤክስ 100 ከእነዚህ ጋር ሲጣመር፣ ገንዘብ የሌለው ወጣት ከትልቅ ስቱዲዮ የወጣ የሚመስል ምስል ማግኘት ቻለ። ጋሬዝ ኤድዋርድስ በ2010 ለእይታ ያበቃውን «ሞንስተርስ» የተሰኘ ፊልም የቀረጸው በሶኒ ኢኤክስ 3 የቪዲዮ ካሜራ ላይ እንዲህ ያለ አዳፕተርና የፎቶግራፍ ሌንስ ገጥሞ ነው። ይህን ታሪክ በንቀት መመልከት አይገባም፤ ምስልን ከባለጸጎች እጅ ያወጣ የእጅ ጥበብ ነበር።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በመስታወቱ ላይ ብርሃን ይባክናል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ካሜራው የሚደርሰው ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። ምስሉ ይገለበጣል፤ ቀራጩ ሰው ተዘቅዝቆ እያየ ፎከስ ይስባል ወይም ስክሪኑን ራሱን ይገለብጣል። ለክርክራችን ዋናው ደግሞ ይህ ነው፤ የፊተኛው ሌንስ ቀዳዳ ሲጠብብ የመስታወቱ ቅንጣት ገሃድ ይወጣል፣ የምስሉ ጠርዝም ይጨልማል። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር አዳፕተሩ ለተጠቃሚው የትኩረት ጥልቀትን የመምረጥ ነጻነት አልሰጠውም፤ የሰጠው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ጫፍ «ሲኒማ» ተባለ።

ዘመኑ በአጭሩ ተቀጨ። ኒኮን በነሐሴ 2008 ዲ 90ን፣ ካኖን ደግሞ በመስከረም 2008 ፋይቭ ዲ ማርክ ቱን ሲያስተዋውቁ የፎቶግራፍ ካሜራ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሞረደው መስታወት ከገበያ ወጣ። መሣሪያው ሞተ፤ ጣዕሙ ግን ወራሽ አገኘ። የካኖኑ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሱፐር 35 የሚባለው የሲኒማ ፍሬም 24.9 በ18.7 ገደማ ነው። የአዲሱ ካሜራ ገጽ በስፋት ከሲኒማው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቻችን «እንደ ሲኒማ» ብለው የሚቀርጹት ከሲኒማው በላይ የደበዘዘ ምስል ሆነ።

ሲኒማው ራሱ ምን አደረገ?

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሱፐር 35 ፍሬም ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ፣ ኤፍ 4 ላይ፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሰው የሚቀርጽ ሲኒማቶግራፈር (የብዥታ ክቡን 0.025 ሚሊ ሜትር ብንይዝ) ከ2.41 እስከ 3.97 ሜትር ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ያገኛል፤ 1 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር። ይህ የትኩረት ጥልቀት፣ ከላይ እንደ ጉድለት የቆጠርንለት ትንሹ የቪዲዮ ካሜራ በ2 ሜትር ላይ ከሰጠው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። በአንጻሩ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ፣ ኤፍ 1.4 ላይ፣ በ2 ሜትር ርቀት የሚያጠራው 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ ሰው አፍንጫ እስከ ጆሮው አይደርስም።

ታላላቆቹ ሥራዎችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ግሬግ ቶላንድ በ1941 ለእይታ የበቃውን «ሲቲዝን ኬን»ን ሲቀርጽ የደከመው ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም እንዲታይ ነው፤ ለዚህም ሰፊ ማዕዘን ሌንስ፣ ጠንካራ ብርሃንና ጠባብ ቀዳዳ ተጠቀመ። ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዘን ይህን ዘዴ ያወደሰው ተመልካቹ በምስሉ ውስጥ የሚያየውን ራሱ እንዲመርጥ ስለሚፈቅድለት ነበር። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 በወጣው «ባሪ ሊንደን» ኤፍ 0.7 በሆነ የዛይስ ሌንስ ቀርጿል፤ ይህም በሻማ ብርሃን ለመቅረጽ ሲል የገባበት ነው። እዚያ የጠበበው የትኩረት ጥልቀት ለብርሃን የተከፈለ ዋጋ እንጂ የተገዛ ጌጥ አልነበረም።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። እንደ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ያሉ ጥቂት ቀደምት ሥራዎች በፊልም ጥቅል ቢቀረጹም፣ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በየሲኒማ ቤቱ ሰልፍ ያሰለፉት የአማርኛ ፊልሞች የቪዲዮ ካሜራ ልጆች ናቸው። ለአብዛኛው ተመልካችና ሠሪ «ፊልም የሚመስል ምስል» የባሕር ማዶ ምስል ነበር። ስለዚህ ብዥታን መሻታችን ከኦፕቲክስ በፊት የዝቅተኝነት ስሜት ጉዳይ ይመስለኛል፤ የቪዲዮነታችንን አሻራ የመሰወር ፍላጎት። የቀድሞው ቪዲዮ ምስል አስቀያሚ መስሎ የታየን ግን ሁሉ ጥርት ስላለ አልነበረም። ደማቁ ቦታ ነጭ ሆኖ ስለሚቃጠል፣ ካሜራው ጠርዞችን በሰው ሠራሽ መንገድ ስለሚያሰላ፣ መብራቱም ያለ ጥላ ፊት ለፊት ስለሚተኮስ ነበር። ለእነዚህ ሕመሞች ሁሉ አንዱን መድኃኒት፣ ብዥታን፣ አዘዝን።

ለብዥታ የሚቀርቡ መከራከሪያዎች

ከባልደረቦቼ የሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ብዥታ የተመልካቹን ዓይን ይመራል የሚለው ነው። እውነት ነው። ሆኖም ዓይንን የሚመራው ብርሃን፣ ቀለም፣ እንቅስቃሴና የሰዎች አቀማመጥም ነው፤ እነዚህን ሳይማር በብዥታ ብቻ የሚመራ ተማሪ ምርኩዝ ሳይጥል መራመድ አይችልም።

ሁለተኛው የድህነት መከራከሪያ ነው። ቀለሙ የተላጠ ግድግዳን፣ ካሜራ ሲያይ የሚሰበሰበውን መንገደኛ፣ ያልተፈለገ ማስታወቂያን ብዥታ በነጻ ይሸፍናል። ለልቦለድ ፊልም ይህን አልቃወምም፤ አዘጋጁ ዓለሙን የመፍጠር መብት አለው። በምርምር ፊልም ግን ያ የተላጠ ግድግዳ ራሱ የጥናቱ አካል ሊሆን ይችላል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ቡና ሲፈላ ማን እንደ ቆመና ማን እንደ ተቀመጠ፣ በገበያ ማን የማንን ሚዛን እንደሚያይ የሚነግረን ዳራው ነው። ሰውና ቦታ እንደ ድርና ማግ ናቸው፤ አንዱን ሲመዙት ጨርቁ ይፈታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ፈቃዳቸውን ያልሰጡ ሰዎች ከኋላ ቢደበዝዙ መብታቸው አልተጠበቀም ወይ? ተጠብቋል፤ ነገር ግን የተጠበቀው በአጋጣሚ ነው። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቢራመድ ይታያል። ከዚህም በላይ በሁለቱ መካከል አንድ የማይቀለበስ ልዩነት አለ። ጥርት ብሎ የተቀረጸን ፊት በአርትዖት ጊዜ ሆን ብሎ ማደብዘዝ ይቻላል፤ በቀረጻ ጊዜ የደበዘዘን ፊት ግን መልሶ ማጥራት አይቻልም። ስልኮች እንኳ ዛሬ ብዥታን በስሌት ይጨምራሉ፤ አፕል በ2021 ያወጣው አይፎን 13 ይህን በቪዲዮ ላይ ያደርጋል። ጥንቁቅ ተመራማሪ ጥሬ መረጃውን ሙሉ አድርጎ ይሰበስባል፤ የሚሸፍነውን በኋላ፣ በምክንያትና በመዝገብ ይሸፍናል።

አዳፕተር የሚለውን ቃል በጅምላ መኮነኔም አይደለም። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት ዕቃዎች ሌላ ሥራ አላቸው። አንዱ ባዶ ቀለበት ነው፤ መስታወት አልባ ካሜራዎች በሌንስና በሴንሰር መካከል የሚተዉት ርቀት አጭር ስለሆነ (ለምሳሌ በሶኒ ኢ 18 ሚሊ ሜትር፣ በአሮጌው ኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር) ልዩነቱን በቀለበት ሞልቶ አሮጌ ሌንስ መግጠም ይቻላል። ሌላው በ2013 ሜታቦንስ ያስተዋወቀው ዓይነት ምስል አጥባቂ ነው፤ የሌንሱን ምስል በ0.71 አጥብቦ ብርሃኑን በእጥፍ ያሳድጋል። ሁለቱም ለተማሪ በጀት በረከት ናቸው። እንደ ተሞረደው መስታወት ቀዳዳውን ክፍት እንድናደርግ አያስገድዱንም፤ ካደረግነው ምርጫው የራሳችን ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን እጠቁማለሁ። አንደኛ፣ ፊልምን ያካተተ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሁሉ በንድፈ ጥናቱ ላይ አንድ ገጽ የትኩረት ዕቅድ ያቅርብ። ለየትዕይንቱ ማንና ምን ጥርት ብሎ መታየት እንዳለበት፣ ምክንያቱም ከጥናቱ ጥያቄ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ይጻፍ፤ የሴንሰሩ መጠን፣ የሌንሱ ርዝመት፣ ርቀቱና የቀዳዳው ቁጥር ተመዝግቦ የቅርቡና የሩቁ ወሰን ይሰላ። የቃለ መጠይቅ ናሙናን እንዴት እንደ መረጠ የሚጠየቅ ተማሪ፣ ዓይነ ሥፍራውን እንዴት እንደ መረጠም ሊጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ «የሲኒማ መልክ» የሚለው መስፈርት ከግምገማ ቅጾች ይውጣ። በምትኩ ፈታኙ «ይህ ምስል ለማየት የሚያስፈልገንን ያሳየናል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ቅጹ ብዥታን እስከ ሸለመ ድረስ ተማሪው ብዥታን ያመጣል፤ ጥፋቱም የእኛ የፈታኞቹ ነው።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ በጀት ከሰፊ ቀዳዳ ሌንስ በፊት ወደ መብራትና ወደ ድምፅ ይሂድ። ቀዳዳውን ከኤፍ 1.4 ወደ ኤፍ 5.6 ለማጥበብ 16 እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ ጥልቀት ያለው ምስል የሚገኘው በመብራት ነው። ከቤት ውጭ ግን ተፈጥሮ ራሷ ታግዘናለች። በጠራ የቀትር ፀሐይ፣ የብርሃን ትብነቱ 100፣ የመዝጊያው ፍጥነት የሰከንድ 1/50 ሲሆን ትክክለኛው ቀዳዳ ኤፍ 22 ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት በኤፍ 1.4 ለመቅረጽ ብርሃኑን 256 ጊዜ የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ መግጠም ግድ ይላል። የአዲስ አበባ ፀሐይ በነጻ የሰጠንን የትኩረት ጥልቀት ለመጣል ማጣሪያ ገዝተን እንሄዳለን ማለት ነው።

ወደ ሽሮ ሜዳው ቤት ተመልሰን ሄደናል። በዚያ ቀን በሩን ከፍተን፣ ሁለት መብራት ተክለን፣ ቀዳዳውን አጥብበን ቀረጽን። አባወራው መወርወሪያውን ሲሰድዱ፣ ባለቤታቸው ከኋላ ማጉን ስታዘጋጅ፣ ትንሿ ልጅ በበሩ በኩል ገብታ ያለቀውን ስትተካ በአንድ ምስል ውስጥ ታየ። የልጅቷን ድርሻ በቃለ መጠይቆቻችን ውስጥ ማንም አልነገረንም ነበር፤ እኛም ልንጠይቅ አላሰብንም። በጽሑፋችን ውስጥ ስለ ሕፃናት ሥራ የሚያወሳው ክፍል የተጻፈው ከዚያ ቀረጻ በኋላ ነው። ምስሉን ያዩ አንድ ገምጋሚ «ትንሽ ቪዲዮ ቪዲዮ ይላል» ብለውናል። አስተያየታቸውን በአክብሮት ተቀብለን ምስሉን እንዳለ ተውነው።